የሰፈራችንን ግሩፕ ልዘጋው ነበር

የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን የሆንኩት ማንም መርጦኝ አይደለም። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋና መሰብሰብ ሲከለከል የዕድራችን ዳኛ ወደ ሱቄ መጡና፣ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ ሰዉ የሚጠራራበት ነገር ክፈትልን» አሉኝ። ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የኮምፒውተር ዕውቀቴ ማመልከቻ ከመጻፍ አያልፍም። ሆኖም ከፈትኩ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ «ሥራዬን ቀማኸኝ» ብሎ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነስቶኝ ነበር።

በ60 ሰው የተጀመረው ግሩፕ በ2017 ዓ.ም. 1,140 ደርሶ ነበር። የሚወራበት ነገር ሌላ ቦታ ቢነገር የሚያስቅ ነው፦ ውሃ መጣ ወይስ አልመጣም፣ መብራት የጠፋው እኛ ጋ ብቻ ነው ወይ፣ የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋች ፍየል፣ አሞራ ገደል ዓሣ ዛሬ ስንት ዋለ። ያም ሆኖ የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲዘጉና እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አልገባ ሲሉ፣ እናቶች ልቅሶ እንዳያመልጣቸው በየጠዋቱ ወደ ሱቄ እየመጡ «ዛሬስ ማን ሞተ?» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ግሩፑ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሳያስቡት የሰፈር፣ የዕድር፣ የወላጆች ወይም የተከራዮች ግሩፕ ጠባቂ ሆነው ለቀሩ ሰዎች ነው። በእኔ ላይ የደረሰው ነገ በእናንተ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ግንቦት ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቀን። ይርጋለም ልቅሶ ደርሼ እመለሳለሁ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ባትሪ ጨርሷል። አፖስቶ መገንጠያ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት ጋ ሰክቼ ስከፍተው ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። 214 መልእክት ይጠብቀኝ ነበር። ከሰው ሞት ውጭ ይህን ያህል የሚያስጽፍ ነገር አላውቅምና ወደ ላይ እየገፋሁ መጀመሪያውን ፈለግኩት።

ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው። አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር ትምህርት ቤት በር ላይ የአንዲት ሕፃን እጅ ይዟል። ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የባጃጁ ሰሌዳም እንደዚያው። ከሥሩ፣ «ይህ ሰው ሕፃን ሰርቆ ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ነው ያመለጠው። ወላጆች ተጠንቀቁ፤ ለሌሎችም አስተላልፉ» ይላል። የለጠፉት አንዲት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የሰፈራችን እናት ናቸው፤ በሕይወታቸው ሰው አስቀይመው የማያውቁ። ከዚያ በኋላ ያሉት መልእክቶች ቁጣ፣ ጸሎት፣ እርግማንና «የት ነው የሚቆመው?» የሚል ጥያቄ ናቸው። 8 ሰዓት ላይ አንዱ «መናኸሪያ አካባቢ አይቼዋለሁ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንበብ አቃተኝ።

እዚያው ሚኒባስ ውስጥ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም አጠፋሁ። ፎቶውን፣ እርግማኑን፣ «መናኸሪያ» ያለውን፣ እንዲሁም በመሐል «ኧረ ልጁን አውቀዋለሁ፣ የእህቱ ልጅ ናት» ብላ የተከራከረችውን አንዲት ልጅ ጭምር። ጠራርጌ ሳበቃ ንጹሕ የሆንኩ መሰለኝ።

ልጁን መናኸሪያ አካባቢ ወጣቶች ከበው ደብድበውታል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ የባጃጁ የፊት መስታወት ረግፏል። ያዳኑት አንድ ትራፊክ ፖሊስና ጀበናዋን ጥላ መሐል የገባች ቡና ሻጭ ናቸው። ሹፌሩ ልጆችን በወር ኮንትራት ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ነው። በፎቶው ላይ ያለችው ሕፃን በእርግጥም የእህቱ ልጅ ነች፤ እያለቀሰች አልሄድም ስላለችው እጇን ይዞ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቄ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ሰፈሩን የምታስተዳድረው አንተ ነህ አሉን» አሉኝ።

«ሰፈሩን አይደለም አባቴ፤ ግሩፑን ነው።»

«እሺ፣ ልዩነቱን አስረዳኝ።»

ማስረዳት አልቻልኩም። ዛሬም ብጠየቅ የምመልሰውን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ክስ ለማባዛት ሱቄ የምትመላለስ አንዲት ወጣት ጠበቃ ገባች። የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ሁሉን ሰምታለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ጋሼ፣ ከማጥፋትዎ በፊት ፎቶ አንስተው አስቀምጠዋል?» የሚል ነበር። አላስቀመጥኩም። ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ቢደርስ ማን ምን እንዳለ ማሳየት እንደማልችል፣ ልጁን የተከላከለችውን ልጅ ቃል እንኳ እንዳጠፋሁ፣ ከውጭ ሲታይም ማስረጃ የደበቅኩ ልመስል እንደምችል ነገረችኝ። ስልኬን ተቀበለችና የግሩፑን ስም ነክታ ወደ አስተዳዳሪዎች መቆጣጠሪያ ገባች፤ እኔ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ከፍቼው የማላውቅ የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብ አለ። ቴሌግራም እዚያ የጠፉ መልእክቶችን ለ48 ሰዓት ብቻ ያቆያል። ሰባት ሰዓት ያህል ቀርቶን ነበር። ሱቁን ዘግተን እስከ ምሳ ድረስ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳናቸው፤ አትሜም በፖስታ አሸግኩ። አድሚን ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን የ48 ሰዓት ነገር አትርሱ።

ከዚያ ስለ ሕጉ ነገረችኝ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው መጋቢት 2012 ነው። ግሩፑን በከፈትኩበት ወር ማለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እኩያሞች ሆነው ሲያድጉ አንዱ ሌላውን አያውቀውም ነበር።

አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ተራ ስህተትን አይደለም። ወሬው ሐሰት መሆን አለበት፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆን አለበት፤ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ መሆን አለበት። ጠበቃዋ «ማወቅ የሚገባው» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እኔ እንደ መጣልኝ ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው የሁላችን ማምለጫ እዚህ ላይ ይጠባል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተፈጸመ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በወሬው ምክንያት ሁከት ከተነሳ ደግሞ ነገሩ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የሰፈራችን እናት ዕድሜያቸው 70 አልፏል። ፎቶው የመጣላቸው ሌላ ከተማ ካለችው ልጃቸው ሲሆን፣ ወደ ግሩፑ ያስተላለፉት ምጣድ ላይ እንጀራ እየጠበቁ ነው።

ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ በአዋጁ ትርጉም ማሰራጨት አይደለም። ማስተላለፍ ግን ወሬውን ለብዙ ሰው ማድረስ ነው። ስለ እኔስ? በዚያው አዋጅ፣ ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ የማንሳት ግዴታ የተጣለው በማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ላይ ነው፤ ማለትም በቴሌግራም ላይ እንጂ በፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ላይ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ፣ አገልግሎት ሰጪ ሕገወጥ ይዘት መኖሩን ካወቀ በኋላ ዝም ካለ ተጠያቂ ያደርገዋል። የግሩፕ አድሚን «አገልግሎት ሰጪ» ይባላል ወይ በሚለው ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ። «እርስዎ ግን ክርክሩ በእርስዎ መዝገብ ላይ እንዲጀመር አይፈልጉም፤ ካዩ በኋላ ዝም አይበሉ፣ እርስዎም አያስተላልፉ፣ ከላይም አይስቀሉ» አለችኝ።

ጉዳዩ በሽምግልና ተያዘ። ፎቶውን የለጠፉት የሰፈራችን እናት ቤታቸው ድረስ ሄደው የሹፌሩን እናት ጉልበት ያዙ፤ የመስታወቱንና የጠፋበትን የሥራ ቀን ዕድሩ አዋጥቶ ከፈለ። ሽማግሌ ስላስታረቀ ዐቃቤ ሕግ እጁ ይታሰራል ማለት እንዳልሆነ ጠበቃዋ አስጠንቅቃናለች፤ እስካሁን ግን የጠራን የለም።

እኔ በዚያ ሳምንት ግሩፑን ለመዝጋት ወስኜ ነበር። ማታ ሊድስ፣ እንግሊዝ አገር ላለችው ታናሽ እህቴ ደወልኩ። እሷ ሐዋሳ ያደጉ ሰዎች የሚገናኙበትን አንድ ትንሽ የመወያያ ድረ ገጽ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር 11 ዓመት አስተዳድራለች፤ መጋቢት ላይ ዘግተውታል። «ገላገልሽው፣ እኔም ልገላገል» አልኳት። «ወንድሜ፣ እኔ አልተገላገልኩም» አለችኝ።

የእንግሊዝ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ የጸደቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ነው። ከጥቂቶች በቀር ሰዎች እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን የኦንላይን አገልግሎት ሁሉ ይመለከታል፤ ፌስቡክም ሆነ የእህቴ ገጽ። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም የሚባለው መሥሪያ ቤት እስከ መጋቢት 16 ቀን 2025 እያንዳንዱ አገልግሎት በ17 ዓይነት ሕገወጥ ጉዳቶች ላይ የስጋት ግምገማ በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ቀን ቆረጠ። ሽብር፣ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት፣ የጦር መሣሪያ ሽያጭ፣ ማጭበርበርና ሌላም። ያጠፋ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይቀጣል። የእህቴ ገጽ የዓመት ወጪ 60 ፓውንድ ነበር፤ ገቢ የለውም። ኦፍኮም ከአነስተኞች የሚጠበቀው እንደ አቅማቸውና እንደ ስጋታቸው መጠን እንደሆነ ተናግሯል፤ በእኔ ግምትም አንዲት የናፍቆት ገጽ ላይ ያን ዱላ የሚያነሳ የለም። ነገር ግን እህቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ተረኛ ናት። የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ በመቶ የሚቆጠር ገጽ መመሪያ አንብባ «የጦር መሣሪያ ሽያጭ፦ ስጋቱ ዝቅተኛ፤ ምክንያቱም እዚህ የሚሸጠው በርበሬ ብቻ ነው» ብላ መጻፍ ነበረባት። ሁለቱ ጓደኞቿ በስማቸው መፈረም ፈሩ።

ብቻቸውን አልነበሩም። የለንደን ብስክሌተኞች የሚወያዩበት ታዋቂ ገጽ ታኅሣሥ 2024 ላይ በዚሁ ሕግ ምክንያት እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር፤ በኋላ ሌሎች ተረክበውት ተረፈ። ሐምስተር የሚባለውን አይጥ የሚመስል የቤት እንስሳ የሚያሳድጉ ሰዎች መወያያ እንኳ ተዘግቶ አባላቱን ወደ ኢንስታግራም ሸኝቷል። አስቂኙ ነገር ይህ ነው። ሕጉ ሲወጣ በሰው አፍ ያለው የትላልቆቹ ኩባንያዎች ጥፋት ነበር። በትልቅ ኩባንያ መድረክ ላይ ግሩፕ የከፈተ ሰው ግን ግምገማውን አይጽፍም፤ ግዴታው የመድረኩ ባለቤት ነው። ስለዚህ ትንሹ ቤቱን ዘግቶ ጓዙን ጠቅልሎ እዚያው ትልቁ ኩባንያ ግቢ ገባ። የእህቴም ሰዎች ዋትስአፕ ላይ ተበተኑ። በ11 ዓመት የተሰበሰበው የድሮ ፒያሳና የሐይቁ ዳር ፎቶ፣ የሞቱ መምህሮቻችን ታሪክ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የተከራከሩበት ሁሉ ቀረ። «ዋትስአፑ ላይ ወሬው አልቆመም፤ አሁን ግን ተው የሚል የለም። ድሮ ሦስት ነበርን፣ ለሊትም ቢሆን አንዳችን እናይ ነበር» አለችኝ።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነች ያስቆመችኝ። የእኔ ስህተት ግሩፕ መክፈቴ ሳይሆን፣ 1,140 ሰው በአንድ ባትሪው ያለቀ ስልክ ላይ ማንጠልጠሌ ነበር።

አሁን ሦስት ነን። አንደኛዋ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሦስተኛው እኔ። ልቅሶ ወይም ሠርግ የሚሄድ ለሌሎቹ ይናገራል። ፎቶና ቪዲዮ መለጠፍን ለአባላት ሁሉ ዘጋን፤ የሚለጠፍ ነገር ያለው ለአንዳችን ይልካል። የሰው ፊት፣ የሰሌዳ ቁጥርና ስልክ ያለበትን አናወጣም። ሕፃን ተሰረቀ የሚል ጥርጣሬ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚሄደው፤ ግሩፑ ላይ የሚወጣው ጣቢያው ካረጋገጠ በኋላ ነው። አንድን መልእክት ከማጥፋታችን በፊት ስክሪኑን ፎቶ እናነሳለን፤ ከዚያ ሱቄ ባለች ባለ 50 ሉህ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ምን እንደጠፋ፣ ለምን እንደጠፋና ማን እንዳጠፋው እንጽፋለን። ደብተሯ እስካሁን አሥራ አንደኛ ገጽ ላይ ናት። ደንቡን በስድስት መስመር ጽፌ ከግሩፑ አናት ላይ ሰቀልኩት፤ የሚያነበው እንደሌለ ስለማውቅ አትሜ የሱቄ በር ላይም ለጠፍኩት። የዕድር ውዝፍ ያለባቸውን ሰዎች ስምና ስልክ በዝርዝር ማውጣትም ትተናል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል መኖሩን ስሰማ፣ ሕጉ እኛን ይነካም አይንካም፣ ነገሩ ራሱ ነውር እንደነበር ገባኝ።

ከዘጠና በላይ ሰው ወጣ። አንድ ጡረተኛ፣ «በደርግ ጊዜ ቀበሌ እንኳ ፎቶ አላስፈረመኝም» ብለው ሱቄ መጥተው ገሠጹኝ። ከዚህ የከፋው ግን የራሳችን ፍርሃት ነበር። ሐምሌ ላይ አንዲት ሴት ሰፈሩ 11 ቀን ውሃ እንዳላገኘ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ቦቴ ግን በየማታው ወደ አንድ ሆቴል ሲገባ እንዳየች ጻፈች። ተማሪው አጠፋው። ለምን ብለው፣ «መሥሪያ ቤት ተነካ፤ ውሸት ቢሆንስ?» አለኝ። ልጁን አልፈርድበትም፤ የሹፌሩን ከንፈር አይቷል። ነገር ግን ሴትየዋ ያየችውን ነው የጻፈችው፤ ማንንም ምቱ አላለችም፤ ውሃ ጠፋ ማለት ሁከት አይደለም። አዋጁ ራሱ ለጥናት፣ ለዜና፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት በር ትቷል። ያን ቀን ሦስታችን ሱቅ ውስጥ እስከ ማታ ተከራከርን። መልእክቱን እንደገና ለጠፍነው፤ ሴትየዋንም ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያ ወዲህ የማጥፋት ደንባችን ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርን፦ ይህ ነገር በማን ላይ ጉዳት ያደርሳል? መልሱ «በማንም ላይ፤ ብቻ ሰው ሊቆጣ ይችላል» ከሆነ አይነካም። ሁልጊዜ አይሠራም። ባለፈው ወር በአንድ የድንበር አጥር ጉዳይ ሁለት ጎረቤታሞች ሲሰዳደቡ ነርሷ ይቅር አለች፣ እኔ ይጥፋ አልኩ፤ አሁንም አልተስማማንም።

ሹፌሩ መስከረም ላይ ወደ ግሩፑ ለመግባት ጠየቀ። «አስገባ» የሚለውን ከመንካቴ በፊት ስልኩን ለደቂቃ ያህል ይዤ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን አንድ ፎቶ ላከልኝ፤ ባጃጁ ውስጥ የተረሳ የተማሪ ቦርሳ ነው፤ ባለቤቱ እንዲገኝ ለጥፍልኝ ይላል። ቦርሳው ላይ የልጁ ሙሉ ስም፣ ክፍሉና የእናቱ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል።

«ቁጥሩን ሸፍነህ እንደገና አንሳው» ብዬ መለስኩለት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ካለ ታዲያ ለምን አልደውልም?» አለ።

ደወለ።